ዊልቸር ለእግር ወይስ ለቋንቋ? የአረጋውያን ጉዞና የአውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ

ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ፣ መውጫው ላይ ዊልቸሮች ተደርድረው መንገደኞችን ይጠብቃሉ። ነጠላ የለበሱ እናቶችና ከዘራ የያዙ አባቶች አንድ በአንድ ይቀመጣሉ፤ ረጅሙንም መተላለፊያ በማያውቁት ሰው እየተገፉ ያቋርጣሉ።

ከመካከላቸው ያለ ወንበሩ አንድ እርምጃ መራመድ የማይችሉ አሉ። ጥቂት መራመድ ቢችሉም ጉልበታቸው ወይም ልባቸው ረጅም መንገድ የማይፈቅድላቸውም አሉ። ሌሎቹ ግን እግራቸው ደህና ነው፤ አገር ቤት ሳሉ ገበያ በእግራቸው የሚወጡ፣ በዓመት በዓል ቆመው የሚያስቀድሱ ናቸው። ለእነርሱ ዊልቸር የተጠየቀላቸው መራመድ ስላቃታቸው ሳይሆን፣ እንግሊዝኛ ስለማያነቡና በሰው አገር መንገድ እንዳይጠፋባቸው ስለተፈራ ነው።

ልማዱ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። ወላጆቻቸውን ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ በሚያስመጡ የኤርትራና የሶማሊያ ቤተሰቦች ዘንድም እንግዳ አይደለም። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ውቅያኖስ በሚሻገሩ ሕንዳውያን ወላጆች ዘንድ ደግሞ በስፋት የሚታወቅ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀን አገልግሎት አካል ጉዳት የሌለበት ሰው መጠየቁ ነውር ነው ወይስ ብልሃት? ጥያቄው በመዝናኛ መርከቦች፣ በሆቴሎችና በመኪና ማቆሚያዎች ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን መልሱ ይወሳሰባል፤ ዊልቸሩን የሚጠይቁት ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ችግር አለባቸውና። የተሳሳተው ችግሩ ሳይሆን ለችግሩ የተሰጠው ስም ነው። ስሙ ሲሳሳት ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ይሆናል።

በቅጹ ላይ የሌለው ሳጥን

አብዛኛውን ጊዜ ትኬቱን የሚቆርጠው መንገደኛው ራሱ አይደለም። ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ልጅ በኢንተርኔት ወይም በጉዞ ወኪል በኩል ይገዛል። በግዢው መካከል ልዩ አገልግሎት የሚጠየቅበት ክፍል ይመጣል። እዚያ የምግብ ዓይነት መምረጥ ይቻላል፤ ዊልቸር መጠየቅም ይቻላል። «እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ የምትሳፈርበትን በር የሚያሳያት ሰው እፈልጋለሁ» የሚል ሳጥን ግን በአብዛኛው የለም።

ስለዚህ ልጁ ያለውን ይመርጣል። ዊልቸሩ ሰው ይዞ ይመጣል። ያ ሰው የበሩን ቁጥር ያነባል፤ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ድረስ ያደርሳል፤ ሻንጣ በመለየት ያግዛል፤ በመጨረሻም ውጭ ከሚጠብቀው ቤተሰብ ጋር ያገናኛል። በብዙ ማረፊያዎች በዊልቸር የሚገፋ መንገደኛ የሚስተናገድበት መስመር ከሌላው ያጠረ ነው። ቤተሰቡ የፈለገው ወንበሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ሰውየው ግን ያለ ወንበሩ አይመጣም።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው ሊባል አይችልም። በትልልቅ መሸጋገሪያ ማረፊያዎች ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው በባቡር ወይም በአውቶቡስ መሄድ ያስፈልጋል። የመሳፈሪያ በር በመጨረሻው ሰዓት ይቀየራል፤ ለውጡም በማያውቁት ቋንቋ ይነገራል። አንድ በረራ ያመለጣቸው እናት የት እንደሚያድሩ፣ ማንን እንደሚጠይቁ፣ ስልካቸው ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ሳያውቁ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን እያሰበ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ይዞ የሚያድር ልጅ ዊልቸር መጠየቁን እንደ ማጭበርበር ሳይሆን እንደ ልጅነት ግዴታው ቢቆጥረው አያስደንቅም።

ሦስት ኮዶችና የተዘነጋው አራተኛ

በአየር መንገዶች አሠራር ግን «ዊልቸር» አንድ ነገር አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥያቄው በሦስት ዋና ዋና ኮዶች ይመዘገባል። «ደብሊው ሲ ኤች አር» የሚባለው ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥም መንቀሳቀስ ለሚችል፣ ረጅም ርቀት መራመድ ግን ለሚያዳግተው መንገደኛ ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ መውጣት ለማይችል ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ደግሞ ጨርሶ መራመድ ለማይችልና እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ ለሚያስፈልገው መንገደኛ የተመደበ ነው።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በቦሌም ሆነ በሌሎች ማረፊያዎች አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ሲቆም መንገደኛው በአውቶቡስ ተወስዶ በደረጃ ይሳፈራል። በመጀመሪያው ኮድ የተመዘገበ ሰው ደረጃውን በእግሩ እንዲወጣ ይጠበቃል። ደረጃ ለማይችለው ግን እስከ አውሮፕላኑ በር ከፍ የሚያደርግ ልዩ መኪና መዘጋጀት አለበት። በሦስተኛው ኮድ ለተመዘገበው መንገደኛ በመቀመጫዎች መካከል የሚያልፍ ጠባብ ወንበርና ሰው የማንሳት ሥልጠና ያላቸው ሠራተኞች ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ «ለማንኛውም» ብሎ ከፍተኛውን ኮድ ማስመዝገብ ያለ መዘዝ አይቀርም። አደጋ ቢደርስ ከአውሮፕላኑ ለመውጣት ራሱን በምንም መንገድ ማገዝ የማይችል መንገደኛ አብሮት የሚጓዝ ረዳት እንዲኖረው አየር መንገዶች ሊጠይቁ ይችላሉ። ያለ አስፈላጊነቱ የተጠየቀው እርዳታ እናቲቱን ብቻቸውን እንዳይበሩ ሊያደርጋቸው ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው ደረጃ የማይችል አባት በዝቅተኛው ኮድ ከተመዘገበ፣ ከደረጃው ሥር ደርሶ ሊቆም ይችላል።

ከሦስቱ ውጪ አራተኛ ኮድ አለ። «ኤም ኤ ኤ ኤስ» ይባላል፤ መንገደኛውን ተቀብሎ መርዳት ማለት ነው። ለአረጋውያን፣ ቋንቋ ለማያውቁና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዙ ሰዎች የሚጠየቅ ነው። ወንበር የለውም፤ ሰው ግን አለው። ቤተሰቡ ሲፈልግ የነበረውም ይህንኑ ነው።

ነገር ግን አገልግሎቱ እንደ ዊልቸሩ በሕግ የተረጋገጠ መብት አይደለም። አንዳንዱ አየር መንገድ በነጻ ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ አይሰጠውም፤ በአንዳንድ ማረፊያዎች ደግሞ ምቾት ለሚፈልጉ መንገደኞች በክፍያ የሚቀርብ ነው። ወንበሩ ነጻ፣ መንገድ መሪው ግን በገንዘብ በሚሆንበት ቦታ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት አያዳግትም።

«ተአምረኛ በረራ» እና የዓይን ፍርድ

በአሜሪካ ጉዳዩ የመሳለቂያ ስም አግኝቷል። በዊልቸር ተገፍተው የተሳፈሩ ብዙ ሰዎች ሲደርሱ በእግራቸው የሚወርዱበት ጉዞ «ተአምረኛ በረራ» ይባላል። የፍሮንቲየር አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ባሪ ቢፍል በአውሮፓውያኑ 2024 በይፋ ሲናገሩ፣ የዊልቸር አገልግሎት በስፋት አላግባብ ጥቅም ላይ እየዋለ ነው ብለዋል። በአንድ በረራ 20 ሰዎች በዊልቸር ሲሳፈሩ አይተው ሲያርፉ የተጠቀሙበት ሦስት ብቻ እንደነበሩ፣ እያንዳንዱ ጥያቄም አየር መንገዱን ከ30 እስከ 35 ዶላር እንደሚያስወጣ ገልጸዋል። አላግባብ የሚጠቀሙትም በአካል ጉዳተኛ ቦታ መኪና እንደሚያቆሙ ሰዎች ሊቀጡ ይገባል ባይ ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እአአ በ2022 የበጋ ትርምስ ወቅት፣ የለንደኑ ሂትሮው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጆን ሆላንድ ኬይ ተመሳሳይ ቅሬታ አሰምተው ነበር። አንዳንድ መንገደኞች ወረፋ ለመሸሽ ዊልቸር እንደሚጠይቁና ይህም በቲክቶክ እንደ ዘዴ እንደሚመከር ተናግረዋል።

ይሁንና ይህ ክስ ግማሽ እውነት ነው። በዊልቸር ተሳፍሮ በእግሩ የወረደ ሰው ሁሉ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ሃምሳ እርምጃ የሚችል ሰው አምስት መቶ እርምጃ ላይችል ይችላል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም አንድ ቀን የሚበረታበት ሌላ ቀን የሚተወው፣ አንድ ሰዓት ተሰልፎ መቆም የማይችል ሰው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ እአአ በ2016 የሱፍ አበባ ምልክት ያለበት የአንገት ማሰሪያ ማስተዋወቁም ለዚህ ነበር፤ በዓይን የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በየደረሱበት እንዳያስረዱ።

ዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት አንዱ፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አብዛኞቹ በወንበር የሚሄዱ አይደሉም። ወረፋ ላይ ቆሞ «እኚህ ሴትዮ ምን ሆነው ነው?» ብሎ መፍረድ የዋሹትን ከመያዙ በፊት እውነተኞቹን ያሸማቅቃል። ስለዚህ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚመለሰው በተመልካቹ ዓይን ሳይሆን፣ አገልግሎቱን በሚጠይቀው ሰው ኅሊና ነው።

ወንበር ሲያልቅ

በዚህ ሁሉ መሃል የሚጎዳው ማን ነው? መልሱ እአአ በየካቲት 2024 በሙምባይ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰ ሞት ውስጥ ይገኛል። ከኒው ዮርክ በኤር ኢንዲያ የመጡ የ80 ዓመት አዛውንትና ባለቤታቸው ሁለቱም ዊልቸር አስመዝግበው ነበር። ሲያርፉ የተገኘላቸው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ተቀመጡ፤ እርሳቸው ከጎን ሆነው ወደ ኢሚግሬሽን በእግራቸው ሄዱ። እዚያው ታመው ወደቁ፤ ሕይወታቸውም አለፈ።

አየር መንገዱ በወቅቱ የዊልቸር ጥያቄ በዝቶ እንደነበርና አዛውንቱ ሌላ ወንበር እስኪመጣ እንዲጠብቁ ተነግሯቸው ከባለቤታቸው ጋር መሄድን እንደመረጡ ገልጿል። የሕንድ ሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ግን ይህን በቂ ምክንያት አድርጎ ሳይቀበል አየር መንገዱን 3 ሚሊዮን ሩፒ ቀጥቷል።

በዚያ በረራ ላይ ዊልቸር ከጠየቁት መካከል ማን በእርግጥ ያስፈልገው፣ ማን አያስፈልገው እንደነበር መናገር አይቻልም። ኃላፊነቱም የተመዘገበውን ያህል ወንበር ማዘጋጀት የነበረበት አየር መንገድ ነው። ሆኖም ክስተቱ የነገሩን ባሕርይ ግልጽ ያደርገዋል፤ ወንበርም ሆነ ወንበሩን የሚገፋ ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ጥያቄው ሲበዛ ተራው የሚደርሰው በመጀመሪያ ለተገኘው እንጂ የባሰ ለቸገረው አይደለም። ጨርሶ መራመድ የማይችለው መንገደኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው።

ሕጉ በሩን ለምን ክፍት ተወው?

አየር መንገዶች ማስረጃ ቢጠይቁ ነገሩ የሚያልቅ ይመስላል። ሕጉ ግን ሆን ብሎ ይህን ከልክሏል። በአሜሪካ እአአ በ1986 የወጣው የአየር ጉዞ ተደራሽነት ሕግና ደንቡ፣ እአአ ከ2009 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበሩና ከዚያ የሚነሱ የውጭ አየር መንገዶችን በረራዎችም ይገዛሉ። በዚህም መሠረት ወደ ደለስ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሆነ ወደ ኒው ዮርክ የሚበረው የኬንያ አየር መንገድ የዊልቸር እርዳታን በነጻ መስጠት አለባቸው። ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይችላሉ፤ ዊልቸር ስለተጠየቀ ብቻ ግን የሐኪም ወረቀት አምጣ ማለት አይችሉም። ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ የማይችል መንገደኛንም በወንበር ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ያለ ረዳት ትተው መሄድ አይፈቀድላቸውም።

በአውሮፓ ኅብረት እአአ በ2006 የወጣውና ከ2008 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ የሆነው ደንብ ኃላፊነቱን ለአውሮፕላን ማረፊያው ሰጥቷል። አገልግሎቱ ነጻ ሲሆን፣ መንገደኛው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ደንቡ እንቅስቃሴያቸው በአካል ጉዳት ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ምክንያት የተገደበባቸውንም ይጨምራል። ስለዚህ እርጅና ያደከማቸው እናት በዚያ ዊልቸር ቢጠይቁ የሰው መብት ነጠቁ አይባልም። ቋንቋ አለማወቅ ግን በየትኛውም በኩል በዚህ ትርጉም ውስጥ አልገባም።

ማስረጃ አለመጠየቁ የሕጉ ድክመት አይደለም። አካል ጉዳተኛው በሄደበት ሁሉ ጉዳቱን እንዲያስረዳ ማስገደድ ራሱ መሰናክል ነው። ሕጉ ይህን ለማስቀረት በሩን በእምነት ከፍቶታል። እምነቱ ሲበላ የሚከተለው ግን ይታወቃል፤ እንደ ፍሮንቲየሩ ኃላፊ ያሉ ሰዎች ቅጣትና ቁጥጥር ይጠይቃሉ። ቁጥጥሩ ቢመጣም ቀድሞ የሚከብደው በእውነት በሚቸገሩት ላይ ነው።

ከመርከቦቹ የሚገኝ ትምህርት

ተመሳሳይ ጥያቄ በመዝናኛ መርከቦች ላይ በተለየ መንገድ መልስ አግኝቷል። በትልልቅ መርከቦች ላይ ለዊልቸር ተጠቃሚዎች የተዘጋጁ ክፍሎች አሉ። በራቸው ሰፊ ነው፤ ወንበር የሚዞርበት ቦታ ስላላቸውም ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ይሰፋሉ። ስፋታቸው ብቻ ጤነኛውን መንገደኛ ይስባል፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። ዊልቸር ተጠቃሚው ያን ክፍል ካጣ ሌላው አይተካለትም፤ ወንበሩ በጠባቡ በር አያልፍምና ጉዞው ራሱ ይቀርበታል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እአአ በ2005 በሰጠው ውሳኔ የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በአሜሪካ የባሕር ክልል በሚሠሩ የመዝናኛ መርከቦችም ላይ እንደሚሠራ አረጋገጠ። የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እአአ በ2010 ያወጣው ደንብ ደግሞ የክፍሎቹን አያያዝ ዘረዘረ። የመርከብ ኩባንያዎች ተደራሽ ክፍሎቹን በዚያው የአገልግሎት ደረጃ ያሉት ሌሎች ክፍሎች ተይዘው እስኪያልቁ ድረስ ለአካል ጉዳተኞች ማቆየት አለባቸው። ክፍሉን የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ አለባቸው፤ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥም ሊጠይቁት ይችላሉ። በማጭበርበር ተወስዷል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖርም የማጣራት ግዴታ አለባቸው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር መማር ይቻላል። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ሌላው ክፍል ሁሉ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ጤነኛ ሰው ተደራሽ ክፍሉን ቢይዝ ማንንም አልጎዳም፤ ባዶ ክፍል ለማንም አይጠቅምና። ነውሩ ሌላ ምርጫ እያለ ስፋቱን ብሎ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ትምህርት የጥያቄው አቀራረብ ነው። ደንቡ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ሕመም አይመረምርም፤ «ይህ ያስፈልግሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃልንም ይቀበላል።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመጣ አንድ ልዩነት አለ። የመርከብ ክፍል ከወራት በፊት ይቆጠራል፤ የዊልቸር ፍላጎት ግን እስከ መሳፈሪያው ሰዓት ድረስ ይለዋወጣል። «ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ» የሚለው መለኪያ እዚህ በቀጥታ አይሠራም። የሚሠራው «ሌላ ምርጫ እያለ» የሚለው ነው። መንገድ መሪ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ያንን የሚያገኝበት ሌላ በር ከተከፈተለት፣ ወንበሩን የሚሻማበት ምክንያት አይኖረውም።

ወንበሩን የሚገፉትም ከዚሁ አካባቢ ናቸው

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛ ወገን አለ፤ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ። በአሜሪካ በብዙ ማረፊያዎች ይህን ሥራ የሚያሠሩት አየር መንገዶቹ የሚቀጥሯቸው ተቋራጭ ድርጅቶች ናቸው። በሲያትል አቅራቢያ በምትገኘው ሲታክ ከተማ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ስደተኞች በብዛት ከተሰማሩባቸው የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች እአአ በ2013 ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ 15 ዶላር የሚያደርግ ሕግ በድምፅ ሲያጸድቁ፣ እነዚህ ሠራተኞች በዘመቻው ውስጥ ጎልተው ታይተዋል።

ከቦሌ የመጡት እናት የማያውቁት ሰው ሲገፋቸው፣ ያ ሰው አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ለእናቲቱ ታላቅ እፎይታ ነው። በዚያች ሰዓት የጠቀማቸው ግን የሰውየው ቋንቋ ነው፤ ወንበሩ አብሮ የመጣው አገልግሎቱ በሌላ ስም ስለማይጠራ ብቻ ነው።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

የመጀመሪያው ነገር በእውነት መጠየቅ ነው። ወላጅ ረጅም መንገድ መራመድ ካዳገታቸው፣ ደረጃ ካስቸገራቸው ወይም ቆሞ መሰለፍ ካቃታቸው፣ ዊልቸሩ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነውና ሊያፍሩ አይገባም። ሊጤን የሚገባው ትክክለኛው ኮድ ነው፤ ደረጃ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው በግልጽ መነገር አለበት። ጥያቄው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ቢቀርብ፣ ከጉዞው በፊትም በስልክ ቢረጋገጥ ይመረጣል።

ችግሩ ቋንቋና መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ተቀብሎ የመርዳት አገልግሎት እንዳለ አየር መንገዱን ወይም የጉዞ ወኪሉን በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። በድረ ገጹ ላይ ባይታይም በስልክ ሊመዘገብ የሚችልበት ጊዜ አለ። የመሸጋገሪያ ቦታ የማይበዛበትን ትኬት መምረጥ፣ በሁለት በረራዎች መካከል ሰፊ ሰዓት መተው፣ የበረራ ቁጥሩንና የተቀባዩን ስልክ በእንግሊዝኛ የያዘ ወረቀት ማስያዝም ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ከሁሉም በፊት ግን አገር ቤት ለዚህ የቆየ ልማድ አለ፤ አደራ። ቦሌ ላይ ወላጁን የሚሸኝ ሰው በዚያው በረራ የሚሄድ መንገደኛ ፈልጎ «አደራዎን፣ እናቴን ይዩልኝ» ይላል። ጥያቄው የቀረበለትም ሰው ብዙውን ጊዜ እምቢ አይልም። ማንም ኮድ ያልሰጠው፣ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ከማንም ወንበር የማይወስድ እርዳታ ነው።

ሌላም የቆየ ሥርዓት አለ። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የገቡትም «በእግዚአብሔር» ብለው ያስቀምጡታል። ለታላቅ ቦታ የመልቀቅ ወግ ነው። ለእናት ዊልቸር የሚያስመዘግብ ልጅ ይህንኑ አክብሮት እየፈጸመ እንደሆነ ያምናል። ወጉ ግን በሌላ በኩልም ይሠራል፤ ሁለት እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ያየ ጤነኛ፣ በዕድሜ ቢበልጠውም እንኳ ቦታውን ሊለቅለት ይገባል።

የአየር መንገዶች ድርሻ

ሸክሙን ሁሉ በቤተሰብ ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይደለም። የዊልቸር ጥያቄ በዛ ብለው የሚያማርሩ አየር መንገዶች፣ መንገደኛው ከወንበር ሌላ የሚመርጠው ነገር አቅርበውለት እንደሆነ ሊጠየቁ ይገባል። ቅጹ ላይ «መንገድ የሚያሳይና የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ሳጥን መጨመር ወንበር ከመግዛት ይረክሳል። ብዙ አረጋውያን በሚጓዙባቸው በረራዎች ላይ አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ አሥር ሰዎችን በአንድ ላይ መርቶ ሊያወጣ ይችላል፤ በዊልቸር ግን ለአሥር ሰው አሥር ገፊ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በሕግም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ኬንያና ኡጋንዳ እአአ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010፣ ሶማሊያ በ2019 አጽድቀዋል። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሕንፃዎች ሊኖሩ ከሚገቡ የተደራሽነት ድጋፎች መካከል መንገድ የሚመሩና የሚያነቡ ሰዎችን ይጠቅሳል። ተደራሽነት ማለት መወጣጫና አሳንሰር ብቻ እንዳልሆነ አገራቱ ፈርመዋል ማለት ነው። ለአካል ጉዳተኛው የቆመ መሪ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ አረጋዊም ይተርፋል።

ጊዜውም የሚያመች ነው። የቦሌ ተርሚናል እአአ በ2019 ሲስፋፋ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። እአአ በ2026 መጀመሪያ ግንባታው በይፋ የተጀመረው የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ በመጨረሻው ምዕራፍ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲይዝ ታቅዷል። ተርሚናል በሰፋ ቁጥር መተላለፊያው ይረዝማል፤ የሚጠፋበት ሰውም ይበዛል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስንት ዊልቸር እንደሚያስፈልግ ሲሰላ፣ ወንበር ሳይሆን የሚያናግራቸው ሰው ብቻ የሚፈልጉ እናቶችና አባቶች ስንት እንደሆኑ አብሮ ቢቆጠር፣ ወንበሩ ለሚገባው ይተርፋል።